አሥራ ዘጠኝ ኪሎ

ግሩም የግራ እጄን የቀለበት ጣት የሰበረው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከአምልኮ ተመልሰን፣ እሱ ገና ከረባቱን ሳያወልቅ። ምክንያቱ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ነበር።

ወረቀቱ የዕረፍት ጉዞዬ በጀት ነው። ለእንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ እናቴን ልጠይቅ አስቤ ነበር። ትኬት ሰባት መቶ ዘጠና፤ ስጦታ ስድስት መቶ፤ ለእናቴ አምስት መቶ፤ ለእናቱ ሦስት መቶ፤ የኪስ ገንዘብ በቀን ሠላሳ ሒሳብ ለሃያ አንድ ቀን ስድስት መቶ ሠላሳ፤ ለታክሲና ለድንገተኛ ነገር መቶ ሰማንያ። ድምር ሦስት ሺህ ዩሮ። ግሩም ከላይ እስከ ታች አነበበውና እናቱ ከእናቴ በሁለት መቶ ዩሮ ለምን እንዳነሰች ጠየቀኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና እንዳለባት ነገርኩት። የማንኪያና የሹካውን መሳቢያ ከፈተ፣ እጄን ይዞ አስገባ፣ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ቆዳውን ቀደደው፤ ሁለተኛው አጥንቱን ሰበረው።

ከዚያ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ቀኝ እጄ ደህና ስለነበር አምስት መቶውንም ሦስት መቶውንም ሰርዤ አራት መቶ፣ አራት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ድምሩ አልተለወጠም። ግሩም እንደገና ደምሮ አረጋገጠና «አሁን ጉዞሽ ጉዞ ሆነ» አለኝ። ፈቃዱን ያገኘሁት በዚያ ጣት ዋጋ ነው።

ያላወቀው ነገር ያው ሦስት ሺህ ዩሮ ሌላ በጀት እንደነበረው ነው። ያኛው በጀት የትም አልተጻፈም።

አዲስ አበባ ሳለሁ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ስድስት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የደም ሴል ቆጥሬአለሁ። ግሩም አግብቶኝ ፍራንክፈርት የገባሁት በ2009 ኦገስት ሃያ ነው። ከዚያ ወዲህ ኒደርራድ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። እዚያ አንድ አዛውንት ሲወድቁ ወይም ከሆስፒታል ሲመለሱ የምንሞላው ቅጽ አለ። የሰው ገላ ከፊትና ከኋላ ተስሎበታል። የበለዘውን፣ የተላጠውን፣ ያበጠውን በቦታው እናመለክታለን፤ ስፋቱን በሴንቲሜትር፣ ቀለሙን በቃል እንጽፋለን። ከዚያ ቅጽ አንድ ለራሴ ወስጄ በመሥሪያ ቤት ቁም ሳጥኔ ውስጥ እሞላ ነበር። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት የምልክቶቹ ቁጥር ሠላሳ አንድ ደርሶ ነበር። የጣቱ ሃያ ስምንተኛው ነው።

ግሩም አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጉባኤያችን በሚከራየው አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስተናግደውም እሱ ነው። ሁሉም ይወደዋል። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ሻንጣውን በግሩም ሳያስነሳ አይዘጋም። ሚዛን አያስፈልገውም። በቀኝ እጁ ያነሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ቁጥሩን ይናገራል። ወንዶቹ እየተወራረዱ በኋላ ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል፤ ከግማሽ ኪሎ በላይ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። ሃያ ሦስት ኪሎ የሚፈቀድበት ሻንጣ ሃያ ሁለት ሲሆን «አንድ ኪሎ ምን በደለህ?» ብሎ ይቀልዳል፤ ያኔ አንዱ ዘመድ ሩጦ የቡና ማፍያ ወይም የሕፃን ጫማ ያመጣል።

ቀድሜ ያልሄድኩት በወረቀቴ ምክንያት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ በጋብቻው ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፈቃዱን በራሴ ስም ለማድረግ ሁለት ዓመት አብሮ መኖር ይበቃ ነበር፤ ሁለቱ ዓመት ሊሞላኝ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ሕጉ ሦስት አደረገው። ለሚደበደቡ ሴቶች ልዩ አንቀጽ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ጨመርኩና 2012 ኦገስት ሃያን ጠበቅሁ። ጣቴ የተሰበረው በጁን ነው።

የረጅም ጉዞን ሒሳብ ያስተማሩኝ ሄር ፎግት ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ። ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ወጣት ሳሉ ከሚስታቸው ጋር ሥራቸውን ለቀው በአሮጌ መኪና እስከ ሕንድ ሁለት ዓመት ተጉዘዋል። የየቀኑን ወጪ የጻፉባቸው አራት ደብተሮች አልጋቸው አጠገብ ነበሩ።

ጣቴ በታሰረ ማግስት ጀርባቸውን ሳጥብ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መሳቢያ ነው አልኳቸው። ፋሻውን ስቀይር ሁለቱን መስመሮች አይተው ነበር።

«መሳቢያ ሰውን ሁለቴ አይነክስም» አሉኝ።

ሌላ አልጠየቁም። የዚያን ሳምንት ግን ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍት፣ ልወጣ እንደሆነ ከሌላ ሠራተኛ ሰሙና ስንት እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ እንደ መምህር ቀስ ብለው ያስረዱኝ ጀመር። ዕረፍት የሚወጣ ሰው የሚጠይቀው በጠቅላላው ስንት ይፈጅብኛል ብሎ ነው። ከኋላው ደመወዙ አለ፣ ቤቱ አለ፣ አልጋው አለ፤ ገንዘቡ ቢያልቅበት የሚመለስበት አለው። ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሰው ድምር አይጠቅመውም። የያዘውን ለቀን ያካፍላል፤ የሚያገኘው መልስ ዩሮ ሳይሆን ቀን ነው። ሌላም አሉኝ። ዕረፍት የሚወጣ ሰው ሻንጣው ይከብዳል፣ ቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የረጅም ተጓዥ ሻንጣ በየወሩ ይቀላል። እሳቸው በሃያ ሁለት ኪሎ ጀምረው በስምንት ጨርሰዋል። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቁኝም።

በዚያው ቀን ባቡር ውስጥ አካፈልኩ። ላቦራቶሪ አብራኝ የሠራች ፍሬ የምትባል ጓደኛ ሰሜን ጀርመን አለችኝ፤ የከተማዋን ስም እዚህ አላስቀምጥም። ክፍል ልታካፍለኝ ተስማምታለች። አዲስ ከተማ ውስጥ ሥራ አግኝቶ የመጀመሪያውን ደመወዝ እስኪቀበሉ ስድስት ወር ያስፈልጋል አለች። ሦስት ሺህ ለመቶ ሰማንያ ቀን፣ በቀን አሥራ ስድስት ዩሮ ከስድሳ ስድስት ሳንቲም። ለክፍል ስድስት፣ ለምግብ አምስት ተኩል፣ ለአውቶቡስ ሁለት፣ ለስልክ አንድ፤ የቀረው ለማይታወቅ ነገር። ይበቃል። በፍሪጁ ወረቀት ለሃያ አንድ ቀን ብቻ የሚበቃው ገንዘብ በዚህኛው መቶ ሰማንያ ቀን ያስኬዳል። ማንም ቢቆጥረው ደግሞ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። የትኬቱን ሰባት መቶ ዘጠና ከፍያለሁ ብዬ ያልተከፈለበትን የቦታ መያዣ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። የስጦታውን ስድስት መቶ ገዝቼበታለሁ አልኩ። ሁለቱም፣ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና፣ መሥሪያ ቤት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከገላው ቅጽ ጋር ተቀመጡ። የቀረው ሺህ ስድስት መቶ አሥር ግሩም በሚያውቀው የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። የምሄድበት ቀን ሴፕቴምበር አንድ፣ ቅዳሜ። ሻንጣዬን ከሳምንት በፊት አሰናዳሁ። አንዲት ሻንጣ፤ የሥራ ጫማ፣ የክረምት ካፖርት፣ የትምህርት ማስረጃዎቼ፣ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ልብስ። ሄር ፎግት እንዳሉት ቀላል አድርጌ አሰናዳኋት። ስህተቴ ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ከአምልኮ በኋላ እትዬ ሸዋረጋ ያዙኝ። የጉባኤው አንጋፋ እናት ናቸው፤ ጀርመን ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አዲስ አበባ እግሯ ያበጠባት እህት አለቻቸው፤ ለእሷ ሰፊ ጫማና መነጽር ገዝተዋል። ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ አድርሺልኝ አሉኝ። ግሩምን መዋሸት ከብዶኝ አያውቅም። ያበጠ እግር የሚጠብቀውን ጫማ ተቀብሎ መቅረት ግን አልቻልኩም። ሻንጣዬ ሞልቷል አልኳቸው። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ሦስት ዓመት አገሩን ያላየ ሰው ሻንጣው ቢሞላ አይገርምም። ችግሩ እትዬ ሸዋረጋ ነገር የሚተዉ ሴት አለመሆናቸው ነው። በሳምንቱ መካከል ግሩምን አየር ማረፊያ ድረስ ሄደው አገኙት። አንተ የሻንጣ ሰው ነህ፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ ቦታ አታጣለትም አሉት። ተቀበላቸው።

ቅዳሜ ኦገስት ሃያ አምስት፣ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ አሥር ሰዓት ላይ ገባ። የምንኖረው ቦናመስ፣ ቤን ጉሪዮን ሪንግ ካሉት ፎቆች በአንዱ ስምንተኛው ላይ ነው። ወጥ ቤት ሆኜ የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። ስደርስ የእትዬ ሸዋረጋን ዕቃ በግራ እጁ ይዞ ሻንጣዬን በቀኙ አንስቶ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ያንን አቋሙን አውቀዋለሁ፤ የሚመዝነው እንደዚያ ሆኖ ነው።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ።

ገና የማስገባው አለ አልኩት።

«ሁለተኛው ሻንጣ የታለ?»

አንድ ይበቃኛል አልኩ። እንዳልኩት ስህተቱ ገባኝ። ግሩም ሳቀ። ሳቁ ቀልድ የሰማ ሰው ሳቅ ነበር።

«አርባ ስድስት ኪሎ ተፈቅዶልሽ አሥራ ዘጠኝ» አለ። «የስድስት መቶ ዩሮ ስጦታ እዚህ ውስጥ? ስሚ አፀደ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጭኛለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሰው ዕቃ ሳይይዝ የሚሄድ ሬሳ ብቻ ነው።»

ሻንጣውን አልጋው ላይ አስቀምጦ ዚፑን ከፈተ። ካፖርቱን አወጣና በክንዱ ላይ ዘረጋው። ሻንጣ ሲፈተሽ እንዳየው ሁሉ የቀሩትን አንድ በአንድ እያወጣ አልጋው ላይ ደረደረ። የትምህርት ማስረጃዎቼ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ሁሉንም መልሶ ከተተ፣ ዚፑን ዘጋ፣ ሄዶ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ።

የመጀመሪያው ጥፊ ግራ ጆሮዬ ላይ ነው ያረፈው። በኋላ እንደተነገረኝ ታምቡሩን ቀዶታል። በዚያ ጆሮ ፉጨት ብቻ ስለቀረ የሚለውን ሁሉ የሰማሁት በቀኙ ነው። ወዴት ልትሄጂ ነው ይለኛል። ወደ እናቴ አልኩ። ሁለተኛው በጡጫ ነበር፣ መንጋጋዬን አገኘው። ወደቅሁ። ጎኔን ሁለት ጊዜ ረገጠኝ፤ የሥራ ጫማውን አላወለቀም፣ ጫፉ ብረት አለው። ወዴት ነው? ወደ እናቴ። ማን ጋ ነው? እናቴ ጋ። ከዚህ ሌላ ቃል ቢወጣኝ የፍሬን ስም እንደማወጣ አውቅ ስለነበር አንዱን ቃል ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ሻንጣዋን አነሳት። እስከ ትከሻው ከፍ አደረጋት፤ እንደሚጭናት። እጄን ፊቴ ላይ ስላደረግኩ ያረፈችው ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንቴ ላይ ነው፣ በግራ በኩል። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ነበር። ጮህኩ። የመጀመሪያው ጩኸቴ ነበር። ሦስት ዓመት ጮሄ አላውቅም ነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ግሩም ወርዶ አፌን በቀኝ እጁ ያዘ። ያኔ ነከስኩት። አውራ ጣቱ ከመዳፉ የሚጋጠምበት ላይ ነበር። አስቤበት አይደለም፤ ከያዝኩት በኋላ ግን አሰብኩበት። ሻንጣ የሚያነሳበት እጅ ነው። ጥርሴ ከሥጋው አልፎ ጠንካራ ነገር እስኪያገኝ ድረስ ዘጋሁት። በግራ እጁ ጭንቅላቴን ይመታኝ ጀመር። ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ በሦስተኛው ዓይኔ ጨለመ፤ አራት፣ አምስት። አፌ በደሙ ተሞልቶ ስለነበር በአፍንጫዬ እተነፍሳለሁ። ስድስት። ሰባተኛው ላይ እሱ ነው የጮኸው። አልለቀቅኩም። ከታችኛው ፎቅ አንድ ሰው ኮርኒሱን በዱላ ሲደበድብ ሰማሁ፤ ከዚያ የበር ደወል፤ ከዚያ ፖሊስ ተጠርቷል የሚል የሴት ድምፅ በጀርመንኛ። ያኔ ለቀቅሁት።

ፖሊሶቹ ሁለት ነበሩ፣ አንደኛዋ ሴት። ግሩም በሩን የከፈተላቸው ደሙ እስከ ክርኑ እየወረደ ነበርና መጀመሪያ የተጎዳው እሱ መስሏቸው ነበር። ሴቷ መኝታ ቤት ገብታ አየችኝ። ለግሩም አሥራ አራት ቀን ወደ ቤቱ እንዳይደርስ ትእዛዝ ጻፉለት። እያዩት ዕቃውን እንዲይዝ ፈቀዱለት፤ ምላጩን፣ የሥራ ልብሱንና የሻይ ቆርቆሮውን ያዘ። አየሁት። መንጋጋዬ አልከፈት ስላለኝ ምንም አልተናገርኩም። ሺህ ስድስት መቶ አሥር ዩሮ፣ ዘጠና ስድስት ቀን፣ በበሩ ወጣ።

ሆስፒታል ክንዴን በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ፖሊሷ የአሥራ አራት ቀኑን ወረቀት ቅጂ ሰጠችኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። አሥራ አራት ቀን የዕረፍት ልክ ነው። ግሩም ኡርላውብ ወጣ እንጂ አልሄደም፤ አልጋው እየጠበቀው ነው።

ሰኞ የሕመም ፈቃዴን ላስረክብ ኒደርራድ ሄድኩና ቁም ሳጥኔን ባዶ አደረግኩ። ሄር ፎግት ፊቴን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ስንት ቀን ቀረሽ?» አሉኝ።

«ሰማንያ ሦስት።»

«ያንሳል» አሉ። አላጽናኑኝም። ቀጥለው «ሻንጣሽስ?» አሉ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«በአንድ እጅ?»

ማታ ከሻንጣዋ አሥራ አንድ ኪሎ ቀነስኩ። ካፖርቱን አልቀነስኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ተገኝና እትዬ ሸዋረጋ ናቸው። ጋሽ ተገኝ የጉባኤው ሽማግሌ ነው፤ ግሩም ያረፈው እሱ ቤት ነበር። መጀመሪያ ጸለየ። ከዚያ ግሩም ሦስት ቀን ውኃ ብቻ ጠጥቶ እያለቀሰ እንደሆነ፣ ሰይጣን በቤታችን እንደተጠቀመ፣ ወንድምን በሽማግሌ ፊት ሳያቆሙ በፖሊስ ፊት ማቆም እንደማይገባ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳኝ። እጁ አምስት ቦታ ተሰፍቷል፤ አውራ ጣቱ አልታጠፍ ብሏል።

«ያለ አውራ ጣት ሻንጣ አይነሳም፣ እህቴ» አለኝ። «እንጀራው ነው። ሁለታችሁም ቆስላችኋል፤ ሁለታችሁም ይቅር ትባባላላችሁ።»

ቅጹን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ምልክቶቹን ከቁጥር አንድ ጀምሬ እየጠቆምኩ ቀንና ስፋታቸውን ነገርኳቸው። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ገና ቀለማቸውን አልለወጡም ነበር። ቁጥሩ አርባ ላይ ደርሷል። ጋሽ ተገኝ እስከ አሥራ ሁለት ድረስ ታገሰ። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ገለበጠው። ባዶው ጀርባው ከላይ ሆነ።

እትዬ ሸዋረጋ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ገለበጡት።

«አንተ ሂድና መኪናውን አሙቅ» አሉት።

«እትዬ፣ ኦገስት ነው።»

«ታዲያ ሂድና ቁጭ በልበት።»

ሄደ። እትዬ ሸዋረጋ ቅጹን እስከ መጨረሻው አዩት፤ ያልገባቸውን እየጠየቁኝ። ከዚያ ተነስተው ፍሪጁ ላይ ያለውን በጀት በመነጽራቸው አነበቡ። ትኬት፣ ስጦታ፣ ለእናት፣ ለእናት።

«ስድስት መቶው ስጦታ የታለ?» አሉኝ።

ስጦታ እንደሌለ ነገርኳቸው። ትኬትም እንደሌለ፣ ዕረፍት እንዳልነበረ፣ ጫማቸውን ያልተቀበልኩት ለዚያ እንደሆነ። ወዴት እንደምሄድ ልነግራቸው ስል እጃቸውን አነሱ፤ አልነግርም ለማለት መጀመሪያ አለማወቅ ይሻላል አሉ። ሻንጣሽን ያስነሳሁት እኔ ነኝ አሉ። ይቅርታ አልጠየቁም። ዕቃቸው ቅዳሜ ግሩም እንደጣለው አልጋው ሥር ነበር፤ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አወጡትና ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ቅዳሜ ነው በረራሽ?»

«በረራ የለኝም፣ እትዬ።»

«አለሽ። ቅዳሜ ነው። ጫማዬን ይዘሽልኝ እናትሽ ጋ ልታገግሚ ትሄጃለሽ፤ በሃያ አንድ ቀን ትመለሻለሽ። የሚጠይቀኝ ካለ እንዲህ ነው የምለው።» ቦርሳቸውን አነሱ። «በጌታ ቤት ሠላሳ ዓመት ሐሰት ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ያምኑኛል።»

ወርደው መኪናው አጠገብ ከጋሽ ተገኝ ጋር ያወሩትን በመስኮቱ መለየት አልቻልኩም። ድምፃቸው ግን እንደተለመደው የማያፈናፍን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ኪሎዬንና የእትዬ ሸዋረጋን ዕቃ ይዤ ወጣሁ። ፍሪጁ ላይ ያለውን በጀትና የቦታ መያዣ ወረቀቱን እንዳሉ ተውኳቸው፤ ግሩም ተመልሶ ሲያነባቸው ልክ ይሆኑ ነበር። ለእናቴ ደውዬ ማንም ቢጠይቃት ተኝታለች እንድትል አስጠናኋት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ድምፄን ሰምታ ነበር። የባቡሩ ትኬት ሃምሳ ዩሮ ሆነ፣ ሦስት ቀን። ሰማንያ ቀን ቀረኝ።

ካሰል ላይ ወረድኩ። የምኖርበት ከተማ ማህተም በምንም ዕቃ ላይ እንዲገኝ አልፈለግኩም። ጣቢያው አጠገብ ባለ ፖስታ ቤት ጫማውንና መነጽሩን በሣጥን አድርጌ በአንድ እጅና በጥርሴ እየጎተትኩ አሸግኩት። ሠራተኛው ሊያግዘኝ ተነሳ፤ ፊቴን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። ላኪ፣ ሸዋረጋ። ተቀባይ፣ እህታቸው። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። አሥራ አምስት ዩሮ ከዘጠና፣ አንድ ቀን። ሰባ ዘጠኝ ቀረኝ። ይህ ወጪ በየትኛውም በጀቴ ውስጥ አልነበረም። ቀጣዩ ባቡር እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ሰው ሁሉ ሻንጣ እየጎተተ ሲያልፍ ክብደቱን እገምት ነበር።

እትዬ ሸዋረጋ የደወሉልኝ በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ ቁጥሩን የሰጠቻቸው እናቴ ናት። ጫማው ደርሷል፤ ለቀኝ እግሯ ልክ ሆኖ ለግራው ጠቧታል፣ በምላጭ ቀደው አስፍተውላታል። እህታቸው ደረሰ ስትል እሳቸውም ለጉባኤው ደረሰ አሉ። በማን እጅ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ስለ ግሩም ነገሩኝ። ሃያ አንዱ ቀን እንዳለቀ፣ ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት ጠዋት፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሲያርፍ መድረሻው በር ላይ ቆሞ ነበር። አበባ ይዟል ያሉ አሉ፤ እትዬ ሸዋረጋ ግን ሰው ሊቀበሉ ሄደው ስለነበር በዓይናቸው አይተውታል፣ ምንም አልያዘም። ቀኝ እጁ ገና ታስሮ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ በሠራተኛ መታወቂያው ወደ ውስጥ ገባና የሻንጣው ማንከባለያ እስኪቆም ድረስ ጠበቀ። የመጨረሻዋን ባለቤት አልባ ሻንጣ በግራ እጁ አንስቶ ትንሽ ይዟት ቆየ፤ መልሶ አስቀመጣት።

እኔ ያን ቀን ሃምሳ ስምንት ቀን ቀርቶኝ ነበር።